ሁለት ቤት፣ አንድ ምሳ

የትርንጎን ሞት የነገሩኝ አከራይዋ ናቸው። ቢሮ ነበርኩ፤ ለምሳ ልወጣ ጃኬቴን እየለበስኩ። «ሰዓዳዬ፣ ያቺ እህትሽ አረፈች» አሉኝና ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመሩ። ሰው እንዲህ ሲባል ይጮሃል፣ ደረቱን ይመታል፣ ቢያንስ «መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን «አባቷስ ምሳ በልተዋል?» የሚል ነበር። ሴትዮዋ ስልኩን ዘጉት። ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው።

ምን ላድርግ? ትርንጎን የሚያውቅ ሰው ሌላ ጥያቄ አይመጣለትም ነበር። የዚያች ሴት የመጨረሻ ዓመታት ያለቁት በዚህች ነገር ነው፤ አንኮበር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት አባቷ ዛሬ ምሳ በሉ ወይስ አልበሉም።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። እኔ የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ፤ ቆላ ነው ያደግኩት። ኮምፒውተር ተምሬ ስጨርስ ደብረ ብርሃን፣ ገበሬዎች እህላቸውን በጋራ የሚሸጡበት አንድ ዩኒየን ውስጥ ተቀጠርኩ። «የኔትወርክ ክፍል» ብለው ወደ ላኩኝ ቢሮ ስገባ ክፍሉ ማለት ትርንጎ ብቻ ሆና አገኘኋት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ በጃኬት ላይ ነጠላ የምትደርብ፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ቀኑን ሙሉ እስክሪብቶ የምትፈልግ ሴት። በዚያ ብርድ ሁለት እጇን ሰርቨሩ ጀርባ ላይ፣ ሙቅ አየር የሚወጣበት ቦታ ዘርግታ ትሞቃለች። «እንደምን አደሩ» አልኳት። «እርስዎ እያልሽ አታስረጂኝ» አለችኝ። «ነይ፣ አንቺም እጅሽን አምጪ። ይቺ ማሽን ከዚህ ቢሮ ሰው ሁሉ ትሻላለች። የጠየቅሻትን ትመልሳለች፤ ያልጠየቅሻትን አታወራም።»

ከዚያ ወዲያ እትዬ ትርንጎ አልኳት። ሰው አትወድም ይሏት ነበር። ውሸት ነው፤ የማትወደው ወሬ ነው። ባል ነበራት፣ ተለያዩ፤ ልጅ አልወለደችም። ይህንንም የሰማሁት ከሌላ ሰው እንጂ ከሷ አይደለም። ከቢሮው ሰው ጋር ተቀምጣ ሻይ እንኳን ስትጠጣ አይቼ አላውቅም። ኩራት መስሎኝ ነበር፤ እኔም አፌ አያርፍም፣ «ትልቅ ሰው ናት ባካችሁ» እያልኩ አሽሟጥጣት ነበር።

ሥራዋን በደንብ ያየሁት በአንኮበር ጭቅጭቅ ነው። ዩኒየኑ እነዋሪም፣ አንኮበርም፣ አሊዩ አምባም ቅርንጫፍ አለው። አለቆቻችን ቅርንጫፎቹ ሁሉ ደብረ ብርሃን ያለውን የመጋዘን መረጃ ከያሉበት እንዲያዩ ፈለጉ፤ ትርንጎም ቪፒኤን ዘረጋች። ቪፒኤን ማለት በኢንተርኔቱ ውስጥ ለራስህ ብቻ የምታበጀው መንገድ ነው፤ ተራርቀው ያሉ ሁለት ቢሮዎች አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሆነው ይገናኛሉ። የእነዋሪው ወዲያው ሠራ። የአንኮበሩ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። እኔ ገመድ ስነቅል፣ ገመድ ስሰካ ዋልኩ። እሷ ስክሪኑን አንድ ጊዜ አየችና ሳቀች።

«ቁጥራቸው አንድ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ አድራሻ አለው፤ አድራሻውም ቁጥር ነው። የዋይፋይ ሳጥኖች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ ያንኑ 192.168.1 የሚባል የሰፈር ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። የኛ አገር ባለሙያ ሃይማኖቱ «ከሠራ አትንካው» ስለሆነ ማንም አይቀይረውም። ደብረ ብርሃንም አንኮበርም በአንድ ቁጥር ተቀምጠዋል። የአንኮበሩ ኮምፒውተር «192.168.1.10ን ፈልግ» ሲባል እዚያው ቢሮው ውስጥ ያስሳል እንጂ ወደ ደብረ ብርሃን አይወጣም። ምን ቆርጦት ይወጣል? የሰፈሩ ቁጥር ነዋ።

ትርንጎ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ መዝዛ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። «እሺ፣ ማን ይነሳ?» አለች። ሁለት አድራሻ በተጋጨ ቁጥር የምትጠይቃት ጥያቄ ይቺ ነበረች። መልሷም አይለወጥም፤ ጥቂት ዕቃ ያለው ይነሳ። አንኮበር ያሉት ኮምፒውተሮች የእጅ ጣት አይሞሉም፤ ስለዚህ አንኮበር ቁጥሩን ይቀይር። ለቅርንጫፉ ኃላፊ ለአቶ ጌታነህ ደወለች። ወዲያው ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ ጩኸታቸውን እኔም ሰማሁት።

«ነገሥታት የተቀመጡበት አገር ነው ለደብረ ብርሃን ቁጥር የሚለቀው?»

«አቶ ጌታነህ፣ ነገሥታቱ ዋይፋይ አልነበራቸውም» አለቻቸው ፊቷን ሳትፈታ።

በማግስቱ ይዛኝ ሄደች። አቶ ጌታነህ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁን። ትርንጎ ምንም ሳትከራከር ጠረጴዛ ስር ገብታ እየሠራች፣ «ይኸውልዎ፣ አሁን የምሰጥዎት ቁጥር በዩኒየኑ ውስጥ ከርስዎ በቀር ማንም የለውም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት እንኳን» አለቻቸው። ሰውዬው ተለወጡ። ሻይ ይምጣ፣ ዳቦ ይምጣ አሉ። እሷ ከጠረጴዛው ስር ሳቋን አፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

ሥራው ሲያልቅ «ነይ፣ አባዬን ላሳይሽ» አለችኝ። የኔታ ጥበቡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጆሯቸው ጨርሶ ተዘግቶ፣ ማስተማሩም ቀርቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች የቆርቆሮ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በሩን ስንከፍት ጉሙ አብሮን ገባ። ጎረቤት ያመጣችላቸው ምሳ እንደተከደነ ተቀምጧል። የትናንቱም ከጎኑ አለ። ትርንጎ ሁለቱንም ከፍታ አየችና መልሳ ከደነቻቸው።

የኔታ ከተማሪ ጋር በአንድ ገበታ በልተው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ብቻቸውን እህል አይወርድላቸውም። ሰው ሲቀመጥ ግን ይበላሉ። ዓይኔ እያየ ከልጃቸው ጋር ገበታውን አጋመሱት። ሰውነታቸው አልቆ ጋቢያቸው ብቻ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። «ደብረ ብርሃን ልውሰድዎት» ስትላቸው ከንፈሯን አይተው «ደብሬን ትቼ?» አሉ፤ አለቀ። እሷ ደግሞ እንጀራዋ ደብረ ብርሃን ነው። ስልክ አይሰሙ፤ ሲጠራ አያውቁ፤ ቢያውቁም የሚነካካ ነገር ጠላታቸው ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያየች መጣች። ከተማው ሲቃረብ ብቻ «ይራቡብኛል» አለች። «አባቴ እህል አጠገባቸው ተቀምጦ በረሃብ ይሞቱብኛል፣ ሰዓዳ።»

ያን ጊዜ ነው ሁለቱን ቤት አንድ ቤት ለማድረግ የተነሳችው። ሲም የሚገባባቸው ሁለት የዋይፋይ ሳጥኖች፣ ሁለት ካሜራዎች፣ ለየኔታ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ትልቅ ታብሌት ገዛች፤ ሁሉም ከአንድ ሱቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሐሳቡ ቀላል ነው። የኔታ ምንም አይነኩም። ፊታቸው ባለው ታብሌት የልጃቸውን ቤት ቀኑን ሙሉ ያያሉ፤ እሷም የሳቸውን ታያለች። በመሃል ቪፒኤኑ መንገድ ይሆናል። አንኮበር ሄዳ የዚያኛውን ወገን ተክላ መጣችና የሷን ቤት አብሬያት እንድሠራ ጠራችኝ።

ቤቷን ያየሁት ያኔ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ሰሃን። ካሜራውን ከኋላችን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ላፕቶፗን ከፍታ የአባቷን ካሜራ አድራሻ ጻፈችና «ነይ፣ እያቸው» አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ የኔታ የሉም። ነጠላ የደረበች ሴት ጀርባ ይታያል፤ አጠገቧ ሂጃብ ያሰረች አጭር ልጅ። ትርንጎ ለማየት ጎንበስ አለች፤ ሴትዮዋም ጎንበስ አለች። «ይቺ ደግሞ ማናት አባዬ ቤት የገባችው?» ብላ እጇን አነሳች። ሴትዮዋም አነሳች።

ያ ረቢ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የዩኒየኑን ሰው ሁሉ በዚህ ጥፋት ስትቆጣ የኖረች ሴት፣ ለራሷ ሲሆን ሁለቱንም ሳጥን በፋብሪካ ቁጥሩ ተክላዋለች። «አባቴን ፈልግልኝ» ስትለው ላፕቶፑ እዚያው ክፍል ውስጥ ያንኑ ቁጥር የያዘውን ካሜራ አገኘና እሷኑ አሳያት። እሷም መጀመሪያ ሳቀች። ቀስ እያለ ሳቋ ቆመ። ስክሪኑን ሳትለቅ ወንበሯን፣ ሰሃኗን፣ አልጋዋን አየች።

«እንዲህ ነው እንዴ የምኖረው?» አለችኝ።

ካሜራው ጥራት የለውም ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ።

ከዚያ «እሺ፣ ማን ይነሳ?» አለች፣ ድምጿ ቀንሶ። ከዚህ ሆና የአንኮበሩን ሳጥን መቀየር ትችል ነበር። ግን ማዶ ያለውን ስትቀይር ከተሳሳትክ፣ ቁልፉን ውስጥ ትተህ በሩን ዘጋኸው ማለት ነው፤ እንደገና አንኮበር ድረስ መሄድ ነው። «አባዬ በሕይወታቸው ከቦታቸው ተነስተው አያውቁም። እኔ ልነሳ፤ ለምጄዋለሁ» አለች። የራሷን ቤት ቁጥር 192.168.37 አደረገችው፤ የአባቷንም ታብሌት ከዚሁ ሆና ወደ አዲሱ ቁጥር መራችው። አድራሻውን ደግማ ስትጽፍ የኔታ መደባቸው ላይ ቁጭ ብለው ብቅ አሉ፤ ታብሌታቸውን አፍጥጠው እያዩ።

«ትርንጎ!» ብለው ጮኹ፤ መስማት የተሳነው ሰው ድምፁን አይለካም። «ቤትሽ እንዲህ ጨለማ ነው እንዴ? ልጄ፣ መስኮት የለውም?»

እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ወዲያው ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ይበሉ ጀመር። የኔታ እጃቸውን አንስተው ማዕዱን እስኪባርኩ ድረስ እሷ ሰሃኗን አትነካም። ኔትወርኩ ሲደክም የኔታ እጅ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል፤ እሷም የራሷን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሽሮው ይቀዘቅዛል፤ ግድ የላትም። በጾም የኔታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ስለማይቀምሱ እሷም በዘጠኝ ትወጣለች፤ ፍስክ ሲሆን በስድስት ሰዓት። አለቃችን «የአንቺ ምሳ ሰዓት እንደ ጨረቃ ይዞራል» ሲላት «የኔ ምሳ አንኮበር ነው፣ መንገድ አለው» ትለዋለች። አንኮበር መብራት የጠፋ ቀን ግን ሳትበላ ትመለስና ሰርቨሩ ጀርባ ላይ እጇን ዘርግታ ትውላለች። ያን ቀን ማንም አያናግራትም፤ እኔ ብቻ አጠገቧ እቆማለሁ።

የኔታ ወፈሩ። እውነቴን ነው፤ ጉንጫቸው ሞላ። እሷ ነች የከሳችው።

መጀመሪያ ጨጓራ ነው አለች። በኋላ ውሃም አላልፍ አላት። አዲስ አበባ ሄዳ ስትመለስ ቢሮ ገብታ እስክሪብቶዋን ፈለገች፣ ፀጉሯ ውስጥ አገኘችው፣ «ካንሰር ነው አሉኝ» አለችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። እንዴት ሆና እንደተናገረችው ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። አስማለችኝ፤ አባቷ እንዳይሰሙ።

«ይንገሯቸው እንጂ! ሲደርስ ሊሰሙ አይደል?» ብዬ ጮኽኩባት፤ ስናደድ እርስዎ እላት ነበር።

«ነገርኳቸው እንበል። ማን ሊበላላቸው ነው?» አለችኝ። «እኔ ካልበላሁ አይበሉም። ታውቂያቸው የለም?»

እናም ትበላ ጀመር፤ ማለቴ ትበላ የነበረች ትመስል ጀመር። በምሳ ሰዓት አብሬያት እሄዳለሁ። ካሜራውን ከግድግዳው አውርደን ፊት ለፊቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል፤ እኔ ከሱ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ። የኔታ ይባርካሉ። እሷ ትቆርሳለች፣ ትጠቀልላለች፣ ወደ አፏ ትወስድና ቀስ ብላ እጇን ወደኔ ታወርዳለች። ባዶ አፏን ታላምጣለች፤ አሳምራ፣ እንደጣፈጣት ሰው። እኔ ጉርሻዋን ተቀብዬ ሰሃን ላይ አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ ሆዷን መታ መታ እያደረገች ታሳያቸዋለች። እሳቸውም የራሳቸውን ሆድ መታ መታ ያደርጋሉ። ከካሜራው ፊት ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነው አልጋዋ ላይ የምትደርሰው። «በሉ አይደል?» ትለኛለች ዓይኗን ጨፍና። «በሉ እትዬ፣ ሁሉንም በሉ» እላታለሁ። እስከ መጨረሻዋ ሳምንት እንዲህ ነበርን።

አንኮበር፣ አባቷ ደብር ተቀበረች። የሐዘኑ ሰሞን የየኔታ ቤት ሰው ስለሞላ ሰው ሲያጎርሳቸው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ጎረቤታቸው ደወለችልኝ፤ ምሳው እንደተከደነ ነው፣ የትናንቱም ከጎኑ ነው አለችኝ። እሳቸው ባዶውን ታብሌት እያዩ ይውላሉ።

አከራይዋ ቤቱን ልቀቁልኝ ብለው ስለነበር የትርንጎን ሳጥንና ካሜራ ጠቅልዬ ወደ እኔ ቤት ወሰድኩ። እኔ የምኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነው፤ ሲሟ ስለተዘጋ ሳጥኗን በግቢው ዋይፋይ ላይ አገናኘሁና የየኔታን አድራሻ ጻፍኩ። የመጣልኝ አከራዬ ለጥበቃ በሰቀለው ካሜራ የሚታየው የግቢያችን በር ነው፤ በሩ ላይ የአከራዬ በግ ታስሮ ሣር ይበላል። የግቢው ዋይፋይም ያው የፋብሪካ ቁጥር ነበር። «ማን ይነሳ?» አልኩ ለብቻዬ፣ ድምፄን አውጥቼ። መልስ የሚሰጠኝ ሰው የለም። የኔታ አይነሱም፤ አከራዬም ለኔ ብሎ የግቢውን ሰው ሁሉ አያውክም።

ማንም መነሳት የማይችል ሲሆን የሚደረገውን እትዬ ትርንጎ አስተምራኛለች። ሁለቱንም ባሉበት ትተዋቸዋለህ። መሃል ላይ ያለው ሳጥን ግን ለሩቁ ቤት በዚህ ወገን ብቻ የሚታወቅ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያ ቁጥር የመጣውን ሁሉ ወደ እውነተኛው እየቀየረ ያሳልፋል። እንዲያ አደረግኩ። ስሠራ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

የኔታ ብቅ አሉ። ከስተዋል። ምሳቸው ተከድኖ ፊታቸው ነው። እኔም ሰሃኔን አቅርቤ ወረቀት ላይ በትልቁ «የኔታ፣ ሰዓዳ ነኝ። ምሳ ልበላ ነው፤ አብረን እንብላ» ብዬ ጽፌ ካሜራው ላይ ያዝኩት። ቀስ ብለው አነበቡት። ክዳኑን ከፈቱ። ሊባርኩ እጃቸውን አነሱና አየር ላይ ቀረ። ኔትወርኩ የቆመ መሰለኝ፤ ግን የጋቢያቸው ጫፍ ይወዛወዛል። እጃቸውን መለሱት።

«አንቺ የራስሽን በይ መጀመሪያ» አሉኝ።

ቢስሚላህ አልኩ። ከንፈሬ እስኪቆም አዩኝ። ከዚያ የራሳቸውን ባረኩ፤ ቆረሱ፤ ጎረሱ። እኔም ጎረስኩ። አልሃምዱሊላህ፣ በሉ፣ አልኩ በልቤ።

ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለሉ «ትርንጎ በመጨረሻው ጊዜ አትበላም ነበር» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። «ያውቁ ነበር?» ብዬ ጻፍኩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዜማ ያስተማርሁት የልጅ ጉሮሮ እያየሁ ነው» አሉ። «ታላምጣለች፤ ጉሮሮዋ ግን አይወርድም። የዋጠችው ነገር አልነበረም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ይበሉ ነበር?»

ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። «እኔ ስበላ ደስ ይላት ነበራ» አሉ። «እየመረረኝ ዋጥሁት። ሌላ ምን የምሰጣት ነበረኝ?»

ፊቴን በሂጃቤ ሸፈንኩ። ቀና ስል አንገታቸውን ወደ ታብሌቱ አስግገው ጉሮሮዬን እያዩ ነው።

«አንቺም አልዋጥሽም» አሉኝ። «ዋጪ እንጂ፣ ልጄ። እያየሁሽ ነው።»